የነባር ሕዝቦች ተማሪዎችንና መሪዎችን በካናዳ የቢዝነስ ትምህርት እንዴት እንደግፍ? ከማመልከቻ እስከ ምረቃ

በካናዳ ያሉ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የነባር ሕዝቦችን ተማሪዎች እንደግፋለን ይላሉ። ብዙዎቹ የሚሉት ከልባቸው ነው። የሚሆነው ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሴፕቴምበር 30፣ በአዳሪ ትምህርት ቤት የተጎዱት የነባር ሕዝቦች ልጆች የሚታሰቡበት ቀን፣ ሲደርስ ብርቱካንማ ቲሸርት ይለበሳል። አንድ ሽማግሌ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተጠርተው ይመጡና ጸሎት ያደርሳሉ። ክፍያቸው ዲሴምበር ላይ ይደርሳቸዋል። በዚያው ሰሞን አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ስፖንሰሯ ክፍያ ስላዘገየ፣ ከኮርሶቿ ትሰረዛለች። ለቲሸርቱ ኮሚቴ ነበረው። ስለ ስረዛው ግን የጠየቀ ሰው የለም።

ይህ መመሪያ የሚያተኩረው እዚያ ላይ ነው፦ ገንዘብ፣ ቀን፣ ደንብ። ንግግሩና ሥነ ሥርዓቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የተጻፈው በካናዳ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ለምታስተምሩ፣ በተማሪ አገልግሎት ወይም በፋይናንስ ቢሮ ለምትሠሩ ወገኖች ነው። የራሳችሁ ንግድ ኖሯችሁ ተለማማጅ የምትቀበሉ ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ወደ ደረጃ 7 ሂዱ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ለሴፕቴምበር መዘጋጀት የሚጀመረው በጃንዋሪ ነው። ኦገስት ላይ ከጀመራችሁ ደረጃ 2 አምልጧችኋል። አራት ነገሮች ያዙ።

- በተቋማችሁ ያለው የነባር ሕዝቦች የተማሪ ማዕከል ኃላፊ ስም። ሳትነግሯቸው ምንም አትጀምሩ። ግን ቢሮው ብዙ ጊዜ የሦስት የአራት ሰው ቢሮ ነው፣ ከየዲፓርትመንቱም ጥያቄ ይጎርፍበታል። ስለዚህ ረቂቃችሁን ይዛችሁ ሂዱና እንዲያርሙት ጠይቁ። ሥራውን አታሸክሟቸው።
- ትምህርት ቤታችሁ የቆመበት መሬት የማን እንደሆነ። ትሪቲ የሚባለው ነባር ሕዝቦች ከመንግሥት ጋር የፈረሙት የመሬት ስምምነት ነው። ኤድመንተን በትሪቲ 6፣ ካልጋሪ በትሪቲ 7፣ ዊኒፔግ በትሪቲ 1 ሥር ናቸው። ቫንኩቨር ደግሞ ጭራሽ ስምምነት ባልተፈረመበት መሬት ላይ ነው።
- ለዚህ ሥራ ብቻ የተመደበ በጀት፣ ትንሽም ቢሆን። «ከሌላ መስመር እንስባለን» ከተባለ ክፍያው መዘግየቱ አይቀርም።
- የዓመት ካላንደር፣ የስፖንሰሮች የማመልከቻ ቀን የሚገባበት።

## ደረጃ 1፦ የምትደግፉት ማን እንደሆነ ለዩ

1. ሦስቱን ለዩ። የ1982ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 የሚያውቃቸው ሦስት ሕዝቦች ናቸው፦ ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢኑዊትና ሜቲስ። በ2021 ቆጠራ በድምሩ 1.8 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፣ ከአገሩ ሕዝብ 5 በመቶ።
2. «ፈርስት ኔሽንስ» ብላችሁ አትቁሙ። ማኅበረሰቦቹ ከ600 በላይ ናቸው። ከሰሜን አልበርታ የመጣ ክሪ፣ ከኬፕ ብሬተን የመጣች ሚክማክ፣ ከኑናቩት የመጣ ኢኑክ (አንድ የኢኑዊት ሰው) በቋንቋም በሥርዓትም አይገናኙም። ቶሮንቶ ተወልዶ ሪዘርቭ የሚባለውን፣ ለፈርስት ኔሽንስ ማኅበረሰቦች የተከለለውን መሬት ረግጦ የማያውቅም አለ።
3. ኢንዲያን አክት በሚባለው የፌዴራል ሕግ የተመዘገበና ያልተመዘገበ የሚባል ልዩነት እንዳለ እወቁ። ለገንዘቡ ጉዳይ ወሳኙ ይህ ነው።

ተጠንቀቁ። ተማሪን መታወቂያ ካርድ አትጠይቁ። መልክ አይታችሁም አትገምቱ። ለነባር ሕዝቦች ብቻ የተያዘ ወንበር ወይም ስኮላርሺፕ ካለ ማጣራቱ የማዕከሉ ሥራ ነው፣ የእናንተ አይደለም። በክፍል ውስጥ ስለ ቧንቧ መስመር ወይም ስለ ማዕድን ስትነጋገሩ ወደ አንዷ ዞር ብላችሁ «አንቺስ እንደ ነባር ሕዝብ ምን ትያለሽ?» አትበሉ። ለትምህርቱ የተመዘገበችው እንደማንኛውም ተማሪ ነው፣ ሕዝቧን ወክላ አይደለም።

ካደረጋችሁት። ከክፍል በኋላ ለብቻዋ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይቅርታ ጠይቁ። ረጅም ማብራሪያ የሚያቀለው የእናንተን ልብ ነው። እሷ ደግሞ ቆማ «ችግር የለም» ማለት ይጠበቅባታል።

## ደረጃ 2፦ የገንዘቡን መንገድ ከሴፕቴምበር በፊት ጥረጉ

በእኛ ሰው ዘንድ የሚወራ ወሬ አለ፦ «ለእነሱ ትምህርት ነፃ ነው።» ውሸት ነው። ይህን ይዛችሁ ቢሮ ከገባችሁ ተማሪውን በሩ ላይ ታጡታላችሁ።

እውነቱ እንዲህ ነው። የፌዴራል መንግሥት የድኅረ ሁለተኛ ደረጃ የተማሪ ድጋፍ ፕሮግራም የሚባል ገንዘብ አለው። የሚመለከተው የተመዘገቡ ፈርስት ኔሽንስን ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚሰጠው ባንድ ለሚባለው የማኅበረሰቡ አስተዳደር ወይም እሱ ለወከለው የትምህርት ድርጅት ነው። በጀቱ የተወሰነ ስለሆነ ወረፋ አለ። ማን እንደሚቀድምና ማመልከቻው መቼ እንደሚዘጋ እያንዳንዱ ማኅበረሰብ ራሱ ይወስናል። ኢኑዊትና ሜቲስ የየራሳቸው ፕሮግራም አላቸው። ያልተመዘገበ ፈርስት ኔሽን ተማሪ ግን ከሁሉም ሊቀር ይችላል።

አሁን ቅደም ተከተሉ።

1. ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ። ለአመልካቾች ሁሉ በምትልኩት ኢሜይል አንድ መስመር ጨምሩ፦ «በባንድ ወይም በሌላ ድርጅት ስፖንሰር የምትደረጉ ከሆነ የማመልከቻ ቀናችሁን ዛሬውኑ አረጋግጡ።» ለሁሉም ስለሚሄድ ማንንም ነጥሎ አያወጣም። የብዙዎቹ ማመልከቻ የሚዘጋው በጸደይ ነው፣ ቀድሞ የሚዘጋም አለ።
2. ወረቀቱን በዕለቱ ስጡ። የባንዱ የትምህርት አስተባባሪ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፦ የመቀበያ ደብዳቤ፣ የኮርስ ዝርዝር፣ የክፍያ ግምት፣ የመጻሕፍት ዋጋ። አራቱን በአንድ ፋይል አዘጋጁ። «በ10 የሥራ ቀን ውስጥ» የሚለው የቢሮ ልማድ እዚህ ላይ ሰው ያስቀራል።
3. የስፖንሰር ደብዳቤው ሲመጣ ፋይናንስ መመዝገቡን በዓይናችሁ እዩ። ደብዳቤው ኢሜይል ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሲስተሙ ተማሪውን ባለዕዳ ብሎ የሚሰርዝበት ጊዜ አለ። የተማሪው አካውንት ላይ «ስፖንሰር ያለው» የሚለው ምልክት እስኪታይ ጉዳዩ አላለቀም።
4. የመጀመሪያውን ወር አስቡ። የኑሮ አበሉ ብዙ ጊዜ በየወሩ ነው የሚመጣው። የቤት ማስያዣ፣ የመጀመሪያ ኪራይና መጻሕፍት ግን ከዚያ በፊት ይፈለጋሉ። ለዚህ የድንገተኛ ጊዜ ገንዘብ ያዙ። ቅጹ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ ክፍያው ከሁለት ቀን አይብለጥ። አምስት ማስረጃ የሚጠይቅ የድንገተኛ ገንዘብ ስሙ ብቻ ነው ድንገተኛ።
5. ሌላ ምንጭ ጠቁሙ። ኢንድስፓየር የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ለፈርስት ኔሽንስ፣ ለኢኑዊትና ለሜቲስ ተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣል። የመንግሥት የተማሪ ብድርም ክፍት ነው።

ትልቁ ማስጠንቀቂያ። ተማሪ ኮርስ ከብዶት ሲመጣ «ይህቺን አንዷን ጣላት» የሚል ምክር ከአፋችን አይጠፋም። ቆዩ። አንድ ኮርስ መጣል ከሙሉ ጊዜ ተማሪነት ሊያወርደው ይችላል። ያኔ የኑሮ አበሉ ይቆማል፣ ኪራይ ይቀራል። «ስፖንሰርህ ስንት ኮርስ ይጠይቃል?» የሚለውን ሳትጠይቁ ይህን ምክር አትስጡ።

ደብዳቤው ከዘገየ። ተማሪውን ከመስኮት ወደ መስኮት አትላኩት። ስልኩን እናንተ አንሱ። ፋይናንስን በቀን የተገደበ የስረዛ እገዳ ጠይቁ፣ ለምሳሌ እስከ ኦክቶበር 15። በኢሜይል ይጻፉላችሁ። ከዚያ ለባንዱ የትምህርት ቢሮ ደውሉ። እዚያም የምታገኙት ብዙ ጊዜ ለመቶ ተማሪ አንድ አስተባባሪ ነው፣ ስለዚህ በትሕትና።

ወረፋ ላይ ከቀረ። ቦታውን ወደሚቀጥለው ሴሚስተር አዛውሩለት፣ እንደ አዲስ አመልክት አትበሉት። የማመልከቻ ክፍያም ዳግም አይጠየቅ።

## ደረጃ 3፦ ደንባችሁን ፈትሹ

የቀሪ ደንባችሁን አውጡና አንብቡት። «የቅርብ ቤተሰብ ሞት፣ ሦስት ቀን፣ ከማስረጃ ጋር» ይላል አይደል? እዚህ ላይ እኛ ማብራሪያ አያስፈልገንም። የአክስት ልጅ ሞቶ፣ ገና ለቅሶ ቤቱ ሳይነሳ፣ «የቅርብ ቤተሰብ አይደለም፣ ፈተና ግባ» ቢሉን ምን እንደምንል እናውቃለን። በብዙ የነባር ሕዝቦች ማኅበረሰብም ዝምድናው ሰፊ ነው። የቀብሩ ሥርዓት ቀናት ይወስዳል። ቦታው በአውሮፕላን ብቻ የሚደረስ ከሆነ ደግሞ የአየሩ ሁኔታ ተጨማሪ ቀን ይበላል።

1. የኮርስ መግለጫችሁ (ሲላበስ) ላይ ይህን የመሰለ አንቀጽ አስገቡ፦ «በቤተሰብ ወይም በማኅበረሰብ ሐዘን፣ በባህላዊ ሥነ ሥርዓት ወይም በአደን ወቅት የምትቀሩ ሁለት መስመር ኢሜይል ጻፉልኝ። ማስረጃ አልጠይቅም። የቀረውን መቼ እንደምታስረክቡ አብረን ቀን እንቆርጣለን።» ለሁሉም ተማሪ ይሁን። ያላግባብ የሚጠቀም ይኖራል፣ ግን ከምትፈሩት ያነሰ ነው።
2. ከሩቅ የሚማሩ ካሉ ኢንተርኔቱን አስቡ። የፌዴራሉ ዋና ኦዲተር እንዳወጣው፣ በ2021 አገሪቱ ዝቅተኛ ብላ ያስቀመጠችውን ፍጥነት የሚያገኙት በሪዘርቭ ካሉ ቤቶች 43 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ቪዲዮውን በትንሽ ፋይል አቅርቡ። ካሜራ ክፈቱ ብላችሁ አታስገድዱ። ሰዓት የሚቆጥር የኦንላይን ፈተና ካለ መስመር ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግ ቀድማችሁ ጻፉ።
3. የልጅ እናት ወይም አባት የሆነ ተማሪ ብዙ ነው። የቡድን ሥራ ስብሰባ በማታ ብቻ እንዳይሆን።

## ደረጃ 4፦ የምታስተምሩትን አስተካክሉ

የተለመደው ስህተት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ነባር ሕዝቦችን ጨርሶ አለማንሳት ነው። ሌላው የሚነሱት ድህነት ሲወራ ብቻ መሆኑ ነው። ማድረግ ያለባችሁ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እውነተኛ የቢዝነስ ችግር ላይ መሥራት ነው። ለፋይናንስ ኮርስ የሚሆን፣ 90 ደቂቃ የሚፈጅ ልምምድ እነሆ።

1. ጥያቄውን ስጡ (10 ደቂቃ)። አንዲት ነጋዴ ሪዘርቭ ውስጥ ትኖራለች። የቁፋሮ ሥራ አላት። ሌላ ኤክስካቫተር ለመግዛት 80,000 ዶላር ብድር ትፈልጋለች። ደንበኛ አላት፣ ሒሳቧ ንጹሕ ነው፣ ቤትና ማሽን አላት። ባንኩ እምቢ አለ። ለምን?
2. አትንገሯቸው (15 ደቂቃ)። ብዙዎቹ «የብድር ታሪክ የላትም ይሆናል» ይላሉ። ሌላ ምክንያት ይፈልጉ።
3. የኢንዲያን አክትን አንቀጽ 89 አንብቡ (15 ደቂቃ)። በሪዘርቭ ያለ የተመዘገበ ሰው ወይም የባንድ ንብረት፣ የተመዘገበ ሰው ወይም ባንድ ላልሆነ አበዳሪ መያዣ አይሆንም፣ ሊወረስም አይችልም ይላል። መሬቱን ከመወሰድ የጠበቀው ይኸው ሕግ የባንክ በር ዘግቷል። ተማሪ ይህን ራሱ ሲደርስበት ሌላ ነው።
4. መውጫውን አሳዩ (30 ደቂቃ)። በነባር ሕዝቦች የሚመሩ ከ50 በላይ አበዳሪ ተቋማት አሉ፣ ለአነስተኛ ንግድ የሚያበድሩ። ከዚያ ከፍ ሲል፣ በ2005 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የፈርስት ኔሽንስ ፋይናንስ ባለሥልጣን አለ። የብዙ ማኅበረሰቦችን ብድር አንድ ላይ አድርጎ ቦንድ ይሸጣል፣ የመጀመሪያውን በ2014 ሸጧል። ወለዱ ዝቅ ይላል። በ2021 የሚክማክ ማኅበረሰቦች ጥምረት ከአንድ ኩባንያ ጋር ሆኖ ክሊርዋተር የተባለውን ትልቅ የባሕር ምግብ ድርጅት በ1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲገዛ 250 ሚሊዮኑ የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው።
5. ክርክር (20 ደቂቃ)። ትርፉ ለማን ይከፈል? ለአባላት በነፍስ ወከፍ? ለቤት ግንባታ? ለሚቀጥለው ኢንቨስትመንት? እዚህ ላይ ትክክለኛ መልስ አታውጡ።

ለማርኬቲንግ ወይም ለሽርክና ኮርስ ደግሞ በደቡብ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የኦሶዩስ ባንድን ንክሚፕ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ውሰዱ። በ2002 ነው የተከፈተው፣ በሰሜን አሜሪካ በነባር ሕዝብ ባለቤትነት የመጀመሪያው ነው። ሲጀመር ከትልቅ የወይን ጠጅ ኩባንያ ጋር በሽርክና ነበር። ማን ምን አዋጣ፣ ማን ይወስናል የሚለው ለአንድ ሳምንት ይበቃል።

ተጠንቀቁ። «ነባር ሕዝቦች ግብር አይከፍሉም» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ዝም ብላችሁ አትለፉት። ነፃነቱ የሚመለከተው በኢንዲያን አክት የተመዘገቡትን፣ እሱም በሪዘርቭ ላይ ያለ ንብረትንና ገቢን ነው። ሜቲስና ኢኑዊት በዚህ ሕግ ውስጥ የሉም። ከተማ ሠርቶ ደመወዝ የሚበላ እንደማንኛችንም ይከፍላል።

ዲኑ «ይህ ሁሉ ለምን?» ካለ፣ የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹን ታሪክ የመረመረው የእውነትና እርቅ ኮሚሽን በ2015 ካወጣቸው 94 ጥሪዎች 92ኛውን አስነብቡት። ለንግዱ ዓለም የተጻፈ ነው። ሥራ አስኪያጆች ስለ ነባር ሕዝቦች ታሪክ፣ ስምምነቶችና ሕግ እንዲማሩ በግልጽ ይጠይቃል። ሥራ አስኪያጆቹን የምታወጣው ደግሞ የእሱ ትምህርት ቤት ናት።

## ደረጃ 5፦ ሽማግሌ ወይም መሪ ወደ ክፍል መጋበዝ

ከሁሉም በላይ የሚበላሸው ይህ ነው። የሚበላሸውም ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ነው፦ በክፍያ።

1. ከሦስት ወር በፊት ጀምሩ። ጁን 21 (የነባር ሕዝቦች ቀን) እና ሴፕቴምበር 30 አካባቢ ሁሉም ይጋብዛል። በፌብሩዋሪ ጋብዙ። የተማሪው ፊትም ያኔ ነው የሚጠቁረው፣ እንግዳ የሚያስፈልገውም ያኔ ነው።
2. ማንን ለምን እንደምትፈልጉ ለዩ። ሽማግሌ በማኅበረሰባቸው ዕውቅና የተሰጣቸው፣ ሴትም ወንድም ሊሆኑ የሚችሉ የሥርዓትና የዕውቀት ሰው ናቸው። የልማት ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ሌላ ነው። ሽማግሌዋን ስለ ካፒታል መዋቅር ንገሩን፣ ሥራ አስኪያጁን ጸሎት አድርሱልን አትበሉ።
3. ሥርዓቱን ጠይቁ። በብዙ የሜዳማው አገር ሕዝቦችና በአኒሺናቤ ዘንድ ጥያቄ ሲቀርብ ትምባሆ በእጅ ይሰጣል። ከተቀበሉት ተስማምተዋል። ካልተቀበሉት አትጫኑ። በኢኑዊት ዘንድ ይህ የለም፣ በምዕራብ ጠረፍም ሥርዓቱ ሌላ ነው። «ለእርስዎ ተገቢው አቀራረብ ምንድን ነው?» ብሎ ማዕከሉን መጠየቅ ነውር የለውም። ትምባሆው የክፍያ ምትክ አይደለም።
4. የክፍያውን ወረቀት ከስድስት ሳምንት በፊት ጨርሱ። መጠኑን ማዕከሉ ያውቀዋል። ረዳት ይዘው ከመጡ ለረዳቱም ክፈሉ። የነዳጅ፣ የሆቴል፣ የፓርኪንግና የምግብ ወጪ ከክፍያው ለየት ብሎ ይያዝ።
5. ቼኩ በዕለቱ በፖስታ ውስጥ ይሁን። የፋይናንስ ክፍል የአቅራቢ መመዝገቢያ ቅጽ፣ የባንክ ዝርዝርና ደረሰኝ ጠይቆ «በ30 ቀን ይከፈላል» ይላል። ቅጹን እናንተ ሙሉት፣ የሚያስፈልገውን መረጃ በስልክ አንድ ጊዜ ጠይቁና ጨርሱ። የ75 ዓመት ሰው ፖርታል ላይ ፓስወርድ እንዲከፍቱ አታድርጉ።
6. ዕጣን የሚጤስ ከሆነ። ሴጅ የሚባል ቅጠል ወይም ስዊትግራስ የሚባል ሣር ይጤሳል። ለሕንፃ አስተዳደር ቀድማችሁ አሳውቁ፣ የዚያ ክፍል የጭስ ማስጠንቀቂያ ለጊዜው ይዘጋ። አስም ያለበት ተማሪ እንዲወጣ ቀድማችሁ ንገሩ። ማንም ተገድዶ አይሳተፍ።
7. በዕለቱ። ፓርኪንግ ድረስ ሄዳችሁ ተቀበሉ። ሻይና ውኃ፣ ጥሩ ወንበር። ሳትጠይቁ አትቅረጹ፣ ፎቶም አታንሡ። ሌላ አጀንዳ አትጨምሩ። በንግግራቸው መሃል ሰዓት እያያችሁ የምትቁነጠነጡ ከሆነ የሁለት ሰዓት ክፍል ያዙ።

ፋይናንስ ቼኩን አላወጣም ካለ። ለዲፓርትመንት ኃላፊው ቅድመ ክፍያ እንዲፈርም ጠይቁ። እሱም ካልሆነ ዝግጅቱን አዛውሩ። ከእንግዳው ጋር በዱቤ አትሥሩ። የቡና ቤት ካርድ የያዘ ፖስታ ደግሞ ክፍያ አይባልም።

ጠዋት ላይ ቢቀሩ። ሐዘን ደርሶባቸው ሊሆን ይችላል። በስልክ ሌላ ሽማግሌ እንደ ተጠባባቂ አትፈልጉ። ያወጡት የጉዞ ወጪ ካለ መልሱ፣ ሌላ ቀን እነሱ እንዲመርጡ ተዉ። ለክፍላችሁ የደረጃ 4ን ልምምድ ይዛችሁ ጠብቁ።

ተማሪ አጉል ጥያቄ ከጠየቀ። ጥያቄውን እናንተ ውሰዱት። «ይህን እኔ ክፍል ውስጥ እመልስልሃለሁ» በቂ ነው። እንግዳ መጥቶ ዘረኝነት እንዲያርም አይጋበዝም።

## ደረጃ 6፦ ተማሪው ራሱ መሪ ሲሆን

ቺፍ (የባንድ መሪ)፣ የምክር ቤት አባል፣ የባንድ ሥራ አስኪያጅ፣ የልማት ኩባንያ ኃላፊ። እነዚህ ለማስተርስ ወይም ለአጭር ሥልጠና ሲመጡ የሚያስፈልጋቸው ከወጣቱ ይለያል። ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ከ2012 ጀምሮ ለዚሁ የተዘጋጀ የኤክዝኪውቲቭ ኤምቢኤ ያስተምራል። ከባዶ ከመጀመር እንዲህ ያሉትን ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።

1. መግቢያውን አስፉ። ባችለር የሌላት ግን ለ15 ዓመት የማኅበረሰብ በጀት ያስተዳደረች ሴት «አታሟዪም» ተብላ ትመለሳለች። ልምድን የሚቆጥር መንገድ ክፈቱ። እንደ ማስረጃ የፈረመችበትን ኦዲት የተደረገ ሒሳብ፣ የተደራደረችበትን ውል፣ የመራችውን ፕሮጀክት ተቀበሉ።
2. ካላንደሩን ከምክር ቤቱ ጋር አገናኙ። በኢንዲያን አክት ምርጫ የሚያደርጉ ማኅበረሰቦች የሥልጣን ዘመናቸው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በ2014ቱ የምርጫ ሕግ የገቡት አራት ዓመት አላቸው። በራሳቸው ሥርዓት የሚመርጡም አሉ። ምርጫው መቼ እንደሆነ በመግቢያው ቃለ መጠይቅ ላይ ጠይቁ፣ ያ ወር ከባድ ሥራ አይውደቅበት። ትምህርቱ በየሳምንቱ ከሚሆን በአንድ ሳምንት ቢታጨቅ ለብዙዎቹ ይሻላል።
3. የማኅበረሰቡ መረጃ የማኅበረሰቡ ነው። የመመረቂያ ሥራው ስለ ራሱ ባንድ ከሆነ የባንድ ምክር ቤት ውሳኔ በጽሑፍ ይምጣ። ፈርስት ኔሽንስ በመረጃቸው ላይ የባለቤትነት፣ የቁጥጥር፣ የመጠቀምና የመያዝ መብት የሚል የታወቀ መርሕ አላቸው። ፋይሉ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚጠፋ ከመጀመሩ በፊት ጻፉ።
4. ኩረጃ ማጣሪያ ሶፍትዌር ላይ አትጫኑ። አንዳንዶቹ የተጫነውን ሥራ ያስቀራሉ። የባንድ ሒሳብ እዚያ ገብቶ ከቀረ ማውጫው ጣጣ ነው። ቀድማችሁ ከዚህ ግዴታ ነፃ አድርጓቸው።
5. ዲግሪ ላይሆን ይችላል የሚያስፈልገው። ኦዲት ማንበብና በጀት መቆጣጠር ብቻ የሚፈልግ ካለ አፎዋ ካናዳ የተባለው ማኅበር የነባር ሕዝቦች የፋይናንስ ባለሙያዎችን አሠልጥኖ የሙያ ማረጋገጫ ይሰጣል። ወደዚያ መላክ ተማሪ ማጣት አይደለም።

ለምን እንዲህ ተጠራጣሪ ይሆናሉ ብላችሁ ካሰባችሁ፦ በ1876ቱ ኢንዲያን አክት የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያገኘ ሰው በሕግ ያለው የነባር ሕዝብ አባልነት ይፋቅ ነበር። ሕጉ ብዙም ሳይቆይ ቢላላም፣ ልጆችን ከወላጅ የነጠሉት አዳሪ ትምህርት ቤቶች የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው። የተማሪያችሁ እናት እዚያ ገብታ ሊሆን ይችላል።

## ደረጃ 7፦ ተለማማጅ ለምትቀበሉ ባለ ንግዶች

አጭር ነው።

1. ክፈሉ። «ልምድ ታገኛለህ» ኪራይ አይከፍልም። የደመወዝ ድጎማ ፕሮግራም ካለ ኮሌጁን ጠይቁ።
2. ተለማማጇ የምትጠይቀውን አንድ ሰው መድቡ፣ በመጀመሪያው ቀን አስተዋውቋት። ባለቤቱ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ከሆነ ሌላ ሰው ይሁን።
3. እውነተኛ ሥራ ስጡ፦ የደንበኛ ሒሳብ፣ የግዢ ዝርዝር፣ የዋጋ ስሌት። ፎቶኮፒ አይደለም።
4. ፎቶዋን ፌስቡካችሁ ላይ ለማስታወቂያ አታውጡ።
5. ሠራተኞቻችሁ ስለ ነባር ሕዝቦች የሚያወሩትን ስሙ። «ሰካራም ናቸው» የሚል ቀልድ በእኛ ሱቆችም ይሰማል። በአማርኛ ስለተወራ አይገባትም ብላችሁ አትጽናኑ። ያው ሰው ነገ በእንግሊዝኛ ይለዋል። እሷ ከመምጣቷ በፊት አስቁሙት።

## ደረጃ 8፦ ምረቃ

1. በጃንዋሪ የምረቃ ቢሮውን የእንግዳ ቲኬት ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ለአንድ ተመራቂ ጥቂት ነው የሚሰጡት። ከሩቅ የሚመጣው ግን አያት፣ አክስት፣ የእህት ልጆችና አንዳንዴም ቺፉ ናቸው።
2. ተመራቂው በባህል ልብሱ፣ በሞካሲን ጫማ ወይም ላባ ይዞ መቅረብ ከፈለገ የልብስ ደንቡ እንደማይከለክል በጽሑፍ አስመስክሩ። በር ላይ ያለ ጥበቃ ደንቡን ላያውቅ ይችላል፣ ስለዚህ የደብዳቤው ቅጂ በተመራቂው እጅ ይሁን።
3. ስፖንሰር ላደረገው የባንድ ትምህርት ቢሮ የመመረቂያ ቀኑን ላኩ። የመጨረሻው የውጤት ወረቀት ደግሞ ሳይጠየቅ ይሂድላቸው፣ የሚቀጥለው ተማሪ ፋይል ላይ ይቆጠራል።
4. ቲኬት ካለቀ ሌሎች ተመራቂዎች የማይፈልጉትን የሚመልሱበት ዝርዝር ብዙ ጊዜ አለ። ስማቸውን እዚያ እናንተ አስገቡ። ካልተገኘ ደግሞ በማዕከሉ ቀጥታ ሥርጭቱን የሚያዩበት ክፍል አስይዙ፣ ምሳም ይኑር።